ዝናቡ ሲያባራ ቢምቢው መጣ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የቢምቢ ጥያቄ ይበዛል። ወባ መከላከል ላይ የሠራሁ ስለሆንኩ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ካላችሁ የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ዝናብ ሲበዛ አዲስ አበባ ውስጥ ወባ ይበዛል?

መልስ፦ በቀጥታ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሚጠብቀን ብርዱ ነው። የወባ ተውሳክ ትንኟ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። ከ16 ዲግሪ በታች ፋልሲፓረም የሚባለው ዋናው ዓይነት እድገቱ ቆመ ማለት ይቻላል። እዚህ ወባ የሚገኝበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ደርሶ የመጣ ነው። ያም ሆኖ ደጋ ነን ብሎ መዘናጋት አይገባም። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ገጥመው ወባው እስከ 2,150 ሜትር ወጥቷል። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል።

ጥያቄ (4 ኪሎ)፦ ሐምሌና ነሐሴ እያሉ መስከረም ላይ የሚብሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዶፉ ቦዩን ሲጠርግ እጩም (ከትንኝ እንቁላል የተፈለፈለው ትል) አብሮ ይሄዳል። ዝናቡ ሲሳሳና ፀሐይ ስትወጣ ግን ውሃው ባለበት ይቆማል። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሞቃት ቦታ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል። ተውሳኩ ትንኟ ውስጥ እስኪበስል ሌላ 10 ቀን ገደማ፣ ሰው ላይ እስኪታይ ደግሞ አንድ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሆነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ካሳንቺስ)፦ ከግቢያችን አጠገብ የተቆፈረ ቤዝመንት ውሃ ይዟል። ማታ ማታ አላስተኛ አሉን። የወባ ትንኝ ይሆኑ?

መልስ፦ ኩሌክስ የሚባሉት ትንኞች ሳይሆኑ አይቀሩም እህቴ። ቆሻሻ ውሃ ይወዳሉ፣ ወባ ግን አያስተላልፉም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ውሃውን በነጭ ሳህን ቅጂና ትንሽ ጠብቂ። እጩ ጭንቅላቱን ወደ ታች ደፍቶ ከተንጠለጠለ የወባዋ አይደለም። ከውሃው ገጽ ሥር ጋደም ካለ ግን አኖፊለስ፣ ማለትም የወባዋ ዘር ነው፤ ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ንገሪ። ውሃውን በፓምፕ ማውጣት የኮንትራክተሩ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ሰብስባችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ (ልደታ)፦ ዝናብ ከሌለ ሰላም ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከተማ ላይ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ጋ ነው። ድሬዳዋን እዩ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወባ በደረቁ ወቅት ተነሳ። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ ናት፤ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ነው። ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜልና የግንባታ ውሃ ይበቃታል። እዚያው ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የሚባሉ ትንኝ የሚያስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች ተነስተዋል። የሁለቱ አስተላላፊ ኤዴስ የምትባል ሌላ ትንኝ ናት፤ እሷም የቤት ውሃ ወዳድ ናት። ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ እኛ ደጋ፤ ልዩነቱ አይረሳ። ግን ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የምንሞላው በርሜል ያው ነው። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ማጠራቀም ያበዛል። የሮቶው ክዳን ይገጠም። በርሜል መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉ። የኤዴስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል።

ጥያቄ (አብነት፣ ጎሚስታ)፦ አሮጌ ጎማዎቼስ?

መልስ፦ ጣሪያ ሥር አስገባቸው፣ ካልሆነ ሸራ ጣልባቸው። አሁኑኑ።

ጥያቄ (ሜክሲኮ)፦ ክፍል ውስጥ የምንነፋው ፀረ-ትንኝስ?

መልስ፦ ያለውን ይገድላል፣ እጩን አይነካም። አጎበር ይሻላል።

ጥያቄ (ቂርቆስ)፦ ከጋምቤላ ተመልሼ ትኩሳት ያዘኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገ ዛሬ አትበል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድና ደምህን አስመርመር። ሐኪሙ ባይጠይቅህም ከየት እንደመጣህ ንገረው፤ አዲስ አበባ ላይ ወባ ቶሎ አይታሰብም። ውጤቱ እስኪታወቅ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አትዋጥ፤ ዴንጊ ከሆነ መድማት ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ከወራት በኋላ ትኩሳት ቢመለስብህም ስለ ጋምቤላው ጉዞ ተናገር፤ ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ይነሳል።