አሮጌ የበር ዕቃ ለምትወዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣

እንግሊዝ አገር አሮጌ በሮች ሳድስ ነው ያረጀሁት። የማንኳኪያና የእጀታ ፎቶ ስትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ጥያቄያችሁም ያው ነው፦ «ይሄ የመቼ ነው?» ግን የምትልኩልኝ ሁልጊዜ ፊቱን ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመኝ ጀርባው ነው።

ከ1842 እስከ 1883 (በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) እንግሊዝ ውስጥ የዕቃን መልክ ያስመዘገበ ሰው ዕቃው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ያደርግ ነበር። በአናቱ ትንሽ ክብ አለች። ውስጧ የሮማ ቁጥር አንድ ካለ ዕቃው የተመዘገበው በብረታ ብረት ክፍል ነው። አራቱ ማዕዘኖች ደግሞ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና የጥቅሉን ቁጥር (በዚያ ቀን ለምዝገባ ለገባው የንድፍ ጥቅል የተሰጠውን ቁጥር) ይይዛሉ። ወሩና ዓመቱ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት እስከ 1867 ድረስ 26ቱንም ፊደላት ለዓመት ተጠቅሞ ጨረሰ። በ1868 እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ የማዕዘኖቹንም ቦታ ቀየረ። ስለዚህ «ዲ» 1852 ልትሆን ትችላለች፣ 1878ም ልትሆን ትችላለች። ዘመኑን ካምታታችሁ በ26 ዓመት ሳታችሁ ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው። ከክቧ ሥር ያለው ፊደል ከሆነ የመጀመሪያው ዘመን ነው፤ ፊደሉም ዓመቱ ነው። ቁጥር ከሆነ ሁለተኛው ዘመን ነው፤ ቁጥሩ ቀኑ ነው፣ ዓመቱን በቀኝ፣ ወሩን ከታች ፈልጉ። ላይ 9፣ በቀኝ «ዲ»፣ ከታች «ኤች» ካነበባችሁ ኤፕሪል 9 ቀን 1878 ነው።

ከ1884 ወዲህ አልማዙ ቀረ። በቦታው «አርዲ» (Rd) ከሚሉ የላቲን ፊደላት ጋር ተራ ቁጥር መጣ። ቁጥሩ በ1884 ከ1 ጀመረ፤ በ1890 መግቢያ 141,273፣ በ1900 መግቢያ 351,202 ደርሶ ነበር። ብቻውን የቆመ ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ካያችሁ ግን አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው የካታሎግ ቁጥር ነው። በ1791 የተመሠረተው የዌስት ብሮምዊቹ ብረት አፍሳሽ ፋብሪካ ኬንሪክ የብረት ማንኳኪያዎቹ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ያደርግ ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ምልክቱ የሚነግራችሁ መልኩ የተመዘገበበትን ቀን ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ብረት መቼ እንደፈሰሰ አይነግራችሁም። በ1842ቱ ሕግ ለብረት ዕቃ መልክ የሚሰጠው ከለላ (ሌላ ሰው እንዳይቀዳው) 3 ዓመት ብቻ ነበር። የተወደደ ቅርጽ ግን ከለላው ካለቀ በኋላም ምልክቱን እንደያዘ ለብዙ ዓመት ሊመረት ይችላል። ሻጮች «የ1878 ማንኳኪያ» ብለው ሲለጥፉ አልወድም። «መልኩ በ1878 የተመዘገበ» በሉ። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው እናንተን አምኖ ነው።

ቀሪውን ከብረቱ ጠይቁ። አንድ ሰው አሮጌውን ማንኳኪያ አሸዋ ላይ አትሞ አዲስ ብረት ቢያፈስበት ምልክቱም አብሮ ይቀዳል። ፊደሎቹ ግን ይደፈናሉ፣ ጠርዛቸውም ይሟሟል። የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ 1 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ስለዚህ የ20 ሳንቲ ሜትር ማንኳኪያ ቅጂ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ትክክለኛ መሆኑን የምታውቁት ሌላ አንድ ካላችሁ ሁለቱን ለኩ። ከኋላ ያለውን ብሎንም እዩ። ባለ መስቀል አናት ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው፤ በኋላ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምልክቱ በቀለም ከተሸፈነ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አሸዋ በግፊት አታስረጩበት። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ ለእናንተም ለልጆቻችሁም ጠንቅ ነው። አሸዋው ደግሞ ፊደሉን ይበላዋል። ቀለም ማስለቀቂያ ቀቡት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ከዚያ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበት። አሁንም ካልታየ ስስ ወረቀት ደርባችሁ በለስላሳ እርሳስ አሹት።

የጥቅሉን ቁጥር የማይረባ ነው ብላችሁ አትለፉት። መዝገቦቹ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ቀኑንና የጥቅሉን ቁጥር ይዛችሁ ስትሄዱ የአስመዝጋቢውን ስምና ያስመዘገበውን ንድፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። አስመዝጋቢው ነጋዴ ሊሆን ስለሚችል ያፈሰሰው እሱ ነው ብላችሁ አትጻፉ። ንድፉን ከዕቃችሁ ጋር ጎን ለጎን አድርጉት፤ የማይገጥም ነገር ካያችሁ እሱንም መለያ ወረቀቱ ላይ አስፍሩ።