«አሞራው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣብኛል»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። በቅርቡ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ገዝቼ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሰማይ የሚያንዣብቡ ንስሮችንና ጥንብ አንሳዎችን በተደጋጋሚ አነሣሁ፤ ፎቶው ግን ይደበዝዛል፣ አሞራውም ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ የሌንሱ ማነስ ነው ወይስ የእኔ አያያዝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሌንስዎ ለጀማሪ በቂ ነው፤ መለወጥ ያለበት የሚቆሙበት ቦታ ነው። ከግርጌ ወደ ላይ ሲያነሡ ከአሞራው ጀርባ ያለው ብሩህ ሰማይ ብቻ ስለሆነና ካሜራው ያየውን ብርሃን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ሰማዩን ሲያለዝብ አሞራውን ያጠቁረዋል። እዚያው ሆነው ማንሣት ካለብዎ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ወይም +1.5 ከፍ ያድርጉት፤ ሰማዩ ቢነጣም የክንፉ ላባ ይታያል።

ከዚህ እጅግ የሚሻለው ግን ከፍ ብሎ መቆም ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በሁለቱ መካከል በሐረጎ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አሞራውን በዓይኑ ትክክል፣ አንዳንዴም ከበታቹ ሲያልፍ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ከጀርባው ያለው ሰማይ ሳይሆን ተዳፋቱ ስለሚሆን ካሜራው አይሳሳትም፤ ከታች ሆኖ ፈጽሞ የማይታየው የጀርባው ቀለምም ይወጣል። ለዚህ ዕድል ሲሉ ሌሎች ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ እርስዎ ግን ደጅዎ ላይ አለልዎ።

ሰዓቱንም ይምረጡ። ትልልቅ አሞሮች ክንፋቸውን ብዙ ሳያራግቡ የሚወጡት ፀሐይ ባሞቀችው ምድር ላይ በሚነሣው አየር፣ ወይም ገደሉን ገጭቶ ወደ ላይ በሚታጠፈው ነፋስ ስለሆነ፣ ማለዳ መድከም ትርፉ ጥቂት ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ቀትር ሲቃረብ በሌንሱና በአሞራው መካከል ያለው የሞቀ አየር ስለሚርገበገብ የሩቅ ምስል ይደበዝዛል። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ሌንሳቸውን ይወቅሳሉ።

የእጅና የክንፍ እንቅስቃሴ ለሚያመጣው ብዥታ የሻተር ፍጥነቱን ከ1/1600 ሰከንድ አያዘግዩት፤ ፎከሱንም አሞራውን ያለማቋረጥ በሚከታተለው ዘዴ ላይ ያድርጉት። ከከተማው ሰማይ በማይጠፋው ጭልፊት ቢለማመዱ እጅዎ ቶሎ ይለምዳል።

አጥንትን ከከፍታ እየጣለ በዓለት ላይ የሚሰብረውን ጢማም አሞራ ካዩ ዓለቱን ልብ ይበሉ፤ በአንድ ዓለት ላይ ደጋግሞ የመጣል ልማድ ስላለው ሌላ ቀን ራቅ ብለው ሊጠብቁት ይችላሉ።

በመጨረሻ፣ ሥጋ ጥለው አያስጠጓቸው፤ ወደ ጎጆም አይቅረቡ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የተመደበው የሩፐል ጥንብ አንሳ ገደል ላይ ጎጆ ሠርቶ የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። የተቀመጠ አሞራ ተነሥቶ አንገቱን አስግጎ ካየዎት፣ ካሜራውን ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ ይመለሱ።