«የእብደት መከላከያ» ክትባት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የውጭ ዜና እየተረጎምኩ እሠራለሁ። ሰሞኑን «ተከሳሹ በእብደት መከላከያ ነፃ ወጣ» ብዬ ጽፌ አለቃዬ ሳቁብኝ። በሌላ ዜና ደግሞ «ተከሳሹ ለመዳኘት አእምሯዊ ብቃት የለውም» ብዬ ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ? ደግሞስ «እብድ» ማለት ነውር ነው?

መልስ፦ አለቃዎ ቢስቁ አልፈርድባቸውም። «የኩፍኝ መከላከያ»፣ «የወባ መከላከያ» ሲባል የኖረ ጆሮ «የእብደት መከላከያ» ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት መርፌ ነው። ተከሳሹ ያቀረበው መከራከሪያ ነው። «ድርጊቱን ስፈጽም አእምሮዬ ታውኮ ስለነበር በወንጀል ልጠየቅ አይገባም ብሎ ተከራከረ» ይበሉ። ይረዝማል፤ ግን ማንም አይስተውም።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሚለያቸው ጊዜ ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ «ነበር» እና «ነው» አሉት።

አንድ ሰው «ጎረቤቴ መርዝ ሊያጠጣኝ ነው» የሚል ፍርሃት ይዞት ጎረቤቱን በቢላ ወጋ እንበል። ተያዘ፣ ታከመ። ከዓመት በኋላ ችሎት ሲቆም ዳኛው የሚሉት ይገባዋል፣ ከጠበቃው ጋር ይመካከራል። ዛሬ ደህና ነው፤ ያኔ ታሞ ነበር። አሁን ይገልብጡት። ሌላው ሰው አስቦ፣ አቅዶ፣ ሰዓት ጠብቆ ሰረቀ። እስር ቤት ሳለ አእምሮው ታወከ። ጠበቃውን «ሰላይ ነህ» ብሎ አላናግርም አለ፤ ዳኛውን «አባዬ» ይላቸዋል። ያኔ ጤነኛ ነበር፤ ዛሬ ታሟል። የመጀመሪያው ሰው ክርክር በጥፋቱ መጠየቅ አለመጠየቁ ላይ ነው። የሁለተኛው ገና እዚያ አልደረሰም። እስኪሻለው ጉዳዩ ይቆማል እንጂ ነፃ ተባለ አይባልም።

«ብቃት» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም። ሰውየውን ፈተና የወደቀ ታስመስለዋለች። «ክሱን ተረድቶ ራሱን መከላከል አይችልም» ቢሉ ይሻላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዳስኪ ጉዳይ ያለውም ከዚህ አይርቅም፦ ተከሳሹ ዕለቱንና ያለበትን ቦታ ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ የሚካሄድበት ነገር ሊገባውና ከጠበቃው ጋር በቅጡ ሊመካከር ይገባል።

«ነፃ ወጣ» ግን ከሁሉም የከፋች ናት። ፕሬዚዳንት ሬገንን በ1981 ተኩሶ ያቆሰለው ጆን ሂንክሊ በ1982 «በእብደት ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም» ተባለ። ከሆስፒታል ወጥቶ ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው። ይህን ሰው በ1982 «ነፃ ወጣ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ 34 ዓመት ተሳስቷል። በቃላት የተናደደ ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም። በ1882 ንግሥት ቪክቶሪያ ላይ የተኮሰው ሰው ታሞ ስለነበር ጥፋተኛ አይደለም ሲባል ንግሥቲቱ ተቆጡ፤ የተኮሰው በእሳቸው ላይ ነዋ! በዓመቱ ሕጉ ተለወጠና የውሳኔው ቃል «ጥፋተኛ ነው፣ ግን እብድ ነበር» ሆነ። ሰውየው በሁለቱም አባባል ወደ ቤቱ አይሄድም። እንግሊዞች ቃሉን ወደ «ጥፋተኛ አይደለም» የመለሱት በ1964 ነው።

«እብድ» ነውር ነው ወይ ላሉኝ፣ በወሬ መሃል አይደለም። «በደስታ አበድኩ» እንላለን፤ ዋጋ የቆለለ ነጋዴን «አብደሃል እንዴ?» እንላለን። ችግሩም እሱ ነው፤ ቃሉ ሁሉን ስለሚነካ ችሎት ውስጥ ምንም አይለካም። «ጨርቁን ጣለ» ደግሞ በዓይን የሚታየውን ብቻ ይናገራል። ጨርቁን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ የታመመ ሞልቷል። በ1843 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የማክኖተን መመዘኛ የሚጠይቀው ስለ ማወቅ ነው፦ ሰውየው የሚያደርገው ምን እንደሆነ፣ ወይም ነገሩ ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር?

እዚህ ላይ አማርኛችን ቀድሞ ደርሷል። «አእምሮ» የመጣው ከግዕዙ «አእመረ» ነው፤ አወቀ ማለት ነው። «አእምሮውን ስቶ ነበር» ሲሉ «የሚያደርገውን አያውቅም ነበር» ማለትዎ ነው። ለዜናዎ ከ«እብድ» ይልቅ እሱን ይያዙ። ደግሞ «አዕምሮ» ብለው የላኩልኝን ከላይ ያረምኩት እኔ ነኝ። ግሱ ዐይኑን «ዐ» አያውቅም።