ትልቁ አውራ ለገበያ፣ ትንሹ ለዘር?

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች የዶሮ ናቸው። ጠያቂዎቹ ንፁህ ዝርያ ይዘው መጠኑን ማሳደግ ይፈልጋሉ።

ሮድ አይላንድ ሬድ ከሌላ ዝርያ ሳልደባልቅ ነው የማረባው። ግን በየዓመቱ እያነሱብኝ መጡ። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከአባይ ማዶ)

እስቲ ልጠይቅዎት፤ ፋሲካ ሲደርስ የትኛውን አውራ ነው የሚሸጡት? ገዢው አንስቶ በእጁ መዘን ሲያደርገው ደስ የሚለውን ግዙፉን፣ አይደል? ቤት የሚቀረው ፈላጊ ያጣው ነው። የቀጣዮቹ ጫጩቶች አባትም እሱ ይሆናል። በየበዓሉ እንዲህ ከተደረገ ዝርያው ማነሱ አይቀርም።

ስለዚህ ለዘር የሚሆነውን ከበዓል በፊት ይለዩ። አብረው የተፈለፈሉትን በ8 ሳምንት፣ ቀጥሎም በ20 ሳምንት፣ ጠዋት ሳይበሉ ይመዝኗቸው። እግራቸው ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰሩና በደብተር ይያዙ። ሦስት ሳምንት ቀድሞ የተፈለፈለ ምንጊዜም ይበልጣል፤ እሱን ከታናናሾቹ ማወዳደር ራስን መሸወድ ነው። ወንድ ከወንድ፣ ቄብ ከቄብ ጋር ይወዳደር።

ሚዛን ብቻውንም አይታመንም፤ ስብም ይመዝናል። አውራውን ይያዙና ደረቱን ይዳብሱት። የደረት አጥንቱ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ሰፊ ይሁን። መሬት ሲቆም ጉልበቶቹ የሚጋጩ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢከብድ ይተውት። የአሜሪካው የዝርያ መስፈርት ለሙሉ አውራ ወደ 3.9 ኪሎ፣ ለሙሉ ሴት ወደ 3 ኪሎ ይላል። እዚያ ለመድረስ አይጣደፉ። ክብደት ብቻ ሲያሳድዱ እንቁላሉ ሊቀንስብዎት ይችላል።

ለ20 ሴቶች ስንት አውራ ይበቃል? ወንድማቸው ቢሆንስ? (ከዘንዘልማ)

ሁለት ይበቃል። ወንድማቸው ግን ይቅር፤ ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ መፈልፈሉም እድገቱም ይወርዳል። ያንኑ ዝርያ ከሚያረባ ሌላ ሰው ጋር አውራ ይቀያየሩ። የድሮው አውራ የወንዴ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚቆይ፣ ከቀየሩ በኋላ ያን ያህል ጊዜ ሳይሞላ የሚታቀፍ እንቁላል አይሰብስቡ።

ትልልቁን እንቁላል ባስታቅፍ ትልልቅ ዶሮ ይወጣልኛል? (ከሽምብጥ)

ጫጩቷ ስትፈለፈል ትልቅ ትሆናለች፤ እያደጉ ሲሄዱ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ቄብ መጀመሪያ የጣለቻቸውን ትንንሾችና ሁለት አስኳል ያላቸውን ይተዉ። መካከለኛና ቅርጹ ያማረ ይበቃል።

ከሐይቁ ዳር የዓሣ ትራፊ አገኛለሁ። ብሰጣቸው ይገዝፋሉ? (ከዘጌ)

ጥሩ ፕሮቲን ነው። ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው ከበቆሎና ከኑግ ፋጉሎ ጋር በትንሹ ይቀላቅሉላቸው። ካበዙት ሥጋውም እንቁላሉም ዓሣ ዓሣ ይላል። ደግሞ ከመኖ የመጣ ውፍረት ለልጅ አይወረስም። ሁሉም እኩል ካልበሉ የሚመርጡት ዘሩ የተሻለውን ሳይሆን ተሻምቶ የበላውን ነው።

ግዙፍ የሳሶ አውራ አለኝ፤ ለዘር ላስቀረው?

ሳሶ ድቅል ነው። ልጆቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይሆኑብዎታል። ዶሮ ወጥ ይሁን።