ስም ሲምታታባችሁ ማን ይነግራችኋል?

ይህን የምጽፈው ሥራ ከጀመራችሁ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ለሆናችሁ ልጆች ነው። በተለይ አጠገባችሁ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ላላችሁ፣ እሱ ሲሳሳት ደግሞ እርስ በርስ በዓይን ለምትጠቃቀሱ። ጥቅሻዋን አውቃታለሁ። እኔም በወጣትነቴ ጠቅሻለሁ። በኋላ ደግሞ የሚጠቃቀሱብኝ ሰው ሆንኩ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ ለ24 ዓመታት በፍርድ ቤት፣ በስደተኞች ችሎት፣ ከሁሉም በላይ ግን በሆስፒታል፣ በሐኪምና በታማሚ መሃል ቆሜ ሳወራ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምነግራችሁን ነገር ግን ከሆኪ፣ ከዚያ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ከሚጫወቱት ጨዋታ ነው የምጀምረው። ሐበሻንና ሆኪን ምን አገናኛቸው እንዳትሉ።

ቶሮንቶ የገባሁት በጥር ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ የሌሊት ተረኛነት ነበር። ጠባብ የመስታወት ዳስ፣ ከእግሬ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ትቷት የሄደ ትንሽ ቴሌቪዥን። አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ምስል የሚባል ነገር የላትም፤ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ። ውጭው በረዶ፣ ቴሌቪዥኑም በረዶ። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሆኪ ይተላለፋል። የሚያስተላልፈው ደግሞ ቦብ ኮል ነው።

እንግዲህ ጨዋታውን በዓይኔ ሳላይ ነው የለመድኩት። ፓክ የሚሏት ጥቁር የጎማ ክብ ምን እንደምታክል እንኳ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። እንግሊዝኛዬም ገና ነበር። ግን ጎል ሊገባ ሲል አውቅ ነበር። ፓኳ መሃል ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ኮል ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወጋ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚሄደው። ወደ ተጋጣሚ ክልል የምታስገባውን ሰማያዊ መስመር ስታልፍ ድምፁ አንድ ደረጃ ይወጣል። በረኛው ፊት ስትደርስ ሌላ ደረጃ ይጨምራል። የመጨረሻዋን ግን ያስቀምጣታል። እሷን ሲያወጣት እኔም ዳሴ ውስጥ ብድግ እላለሁ፣ ማን እንዳገባ ሳላውቅ። አንድ ሌሊት መኪናውን ሊያወጣ የመጣ ፈረንጅ መስታወቱን ሲያንኳኳ ጭራሽ አልሰማሁትም። ይቆጣኛል ብዬ ስከፍትለት፣ አንገቱን አስግጎ "ስንት ለስንት ናቸው?" አለኝ።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. የሴካፋን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ስንበላ ጨዋታውን በደምሴ ዳምጤ ድምፅ የተከታተለ የእኔ ዘመን ሰው የምለው ይገባዋል። ስታዲየም የገባው የገባውን ያህል ነው። የቀረው ሰው ጨዋታውን ያየው በደምሴ አፍ ነው።

ስለ ኮል ትንሽ ላጫውታችሁ። የሴንት ጆንስ ልጅ ነው፤ ከተማዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኒውፋውንድላንድ የምትባል ደሴት ላይ ነው ያለችው። በፈረንጆቹ 1933 ሲወለድ ኒውፋውንድላንድ ገና የካናዳ አካል እንኳ አልሆነችም ነበር። በ1956 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ራሱን የቀዳበትን ቴፕ ይዞ ቶሮንቶ መጣና የፎስተር ሂዊትን ሬዲዮ ጣቢያ በር አንኳኳ። ሂዊት የካናዳ ሆኪ ስርጭት አባት ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ አገሩ ሁሉ በሬዲዮ የሚያውቀው ድምፅ ነበር። ኮል ቴፑን ሰጥቶ ለመሄድ ነው የመጣው። ሂዊት ግን አስገባው፤ ቁጭ ብሎ ሰማለት፤ የቱ ጋ ድምፁ መውጣት፣ የቱ ጋ መውረድ እንዳለበት መከረው። ያ ዳሴ ውስጥ ብድግ ያደርገኝ የነበረው ነገር ከዚያ ክፍል የወጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወዲያው ዕድል የገጠመው እንዳይመስላችሁ። የትልቁን ሊግ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ ያስተላለፈው በኤፕሪል 24 ቀን 1969 ነው፣ 13 ዓመት ቆይቶ። ቦስተንና ሞንትሪያል ነበሩ። ጨዋታው ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት ድረስ ሄዶ ዣን ቤሊቮ አገባና አለቀ። በ1972 ካናዳና ሶቭየት ኅብረት ስምንት ጨዋታ የገጠሙ ጊዜ ደግሞ ቴሌቪዥኑን የያዘው የ69 ዓመቱ ሂዊት፣ ሬዲዮውን የያዘው ኮል ነበር። ቴፕ ይዞ የመጣው ልጅና ቴፑን የሰማለት ሰውዬ፣ ያንኑ ጨዋታ እኩል ሲያስተላልፉ አስቡት።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። በ2018 የጥሎ ማለፉ ውድድር ሲጀመር ኮል አልተመደበም። 84 ዓመቱ ነው። ለአሥርት ዓመታት ያለ እሱ ያልተጀመረ ውድድር ነው። እሱም ነገሩ ድንገተኛ እንደሆነበት በግልጽ ተናገረ፤ ቅር ብሎታል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ስለ ሆኪ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። በየቢሮው፣ በየቡና ቤቱ ክርክር ሆነ። አንድ እሁድ እኛ ቤትም ገባ።

እዚሁ የተወለደው ልጄ "አባዬ፣ ሰውዬው እኮ ፓኳን ማን እንደያዛት እንኳ አይናገርም። አቀበለ፣ ተቀበለ ብቻ!" ይላል። ታክሲ ሲነዳ ያረጀው ጓደኛዬ ደግሞ ተቆጣ። "ስሙን ከፈለግክ ማሊያው ላይ ተጽፎልሃል፣ አንብብ። ጨዋታው ሊፈነዳ እንደሆነ የሚነግርህ ማነው?" ልጄ ስልኩን አውጥቶ ኮል የተሳሳተባቸውን ቅንጥብጣቢዎች ያሳየዋል። ጓደኛዬ አላይም ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሽሮው ቀዘቀዘ።

እውነቱን ልናገር፤ ልጄ ልክ ነበር። ኮል በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስም ይስት ነበር። አንዳንዴም ስም እየዘለለ ይሄዳል። ሥራው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከበረኞቹ ሌላ በየቡድኑ 18 ተጫዋች አለ። እንደ እግር ኳስ ጨዋታው ቆሞ አይደለም የሚቀየሩት፤ ጨዋታው እየሄደ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየዘለሉ ይወጣሉ፣ እየዘለሉ ይገባሉ። ሁሉም የራስ ቁር አጥልቀዋል። አንዱ ፊንላንዳዊ ነው፣ አንዱ ሩሲያዊ፣ አንዱ ቼክ። አስተላላፊው ከላይ ሆኖ ጀርባ ላይ ያለ ቁጥርና የአንሸራተት ዘይቤ እያየ ነው የሚለያቸው። ዓይን አንዲት ሴኮንድ ስትዘገይ ስሙ አመለጠ።

ጓደኛዬም ልክ ነበር። ኮል ስም እየሳተም ቢሆን ጨዋታው ወዴት እያጋደለ እንደሆነ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። ያቺ ግን በስልክ ተቀንጥባ አትታይም። ስህተት አሥር ሴኮንድ ነው፣ ተቆርጦ ይላካል። ጥሩ ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ማን ቆርጦ ይልካል?

ያን ቀን እኔ ምንም ሳልናገር ነው የዋልኩት። ምክንያት ነበረኝ።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት እናት ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሐኪም ዘንድ ቀርበዋል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ይናገራል፣ እኔ እመልሳለሁ። "ሃምሳ ሚሊ ግራም" አልኩ። እናትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ "ሃምሳ? በፊት እኮ አሥር ነበር ልጄ" አሉኝ። ሐኪሙን ደግሜ ጠየቅሁት። አሥራ አምስት ነው። እንግሊዝኛው ፊፍቲንና ፊፍቲ ነው፤ በዋናነት በመጨረሻዋ ድምፅ ነው የሚለየው፤ እኔ ደግሞ እሷን አልሰማኋትም። ሳቅ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁና አለፍኩት።

ጥግ ላይ ሥራ ለመልመድ የመጣች አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሰው እስኪያልፍ ጠበቀችና "ጋሼ፣ አይቆጡኝ" አለች። "ባለፈው ሳምንትም ቀጠሮው ሐሙስ ነው ብለው ነበር። ሐኪሟ ያለችው ማክሰኞ ነው። ደውዬ አስተካክዬዋለሁ። ጆሮዎን ቢታዩስ?"

ተቆጣሁ! ሦስት ቀን አላናገርኳትም። አንቺ ሳትወለጂ እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ ነበር፣ ምናምን፣ እያልኩ በሆዴ። በአራተኛው ቀን ግን ስለዚያ ስለ ማክሰኞና ሐሙስ አስብ ጀመር። ቱዝደይ፣ ተርዝደይ። ማንም አልነገረኝም፤ እሷ ግን በዝምታ አስተካክላልኝ ነበር። ስንቱ ተስተካክሎልኝ ይሆን? ሄጄ ተመረመርኩ። ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ አለችኝ መርማሪዋ፤ ኤፍ፣ ኤስ፣ ቲ። የሰው ድምፅ እንደ ድሮው ይሰማል፤ የቃሉ ጠርዝ ነው የሚሸረፈው። ስለዚህ ሰውዬው ራሱ አያውቅም። የጎደለው ነገር እንዳልተሰማው በምን ይወቅ?

ያን የእሁድ ክርክር ዝም ብዬ የሰማሁት ለዚህ ነው። ልጄም ጓደኛዬም የሚከራከሩት ስለ ኮል ነው። እኔ ደግሞ ስለ እኔ ነበር የምሰማው። "ይሂድ" የሚሉት ብዙ ናቸው፣ "ይቆይ" የሚሉትም ብዙ ናቸው። ኮሪደር ላይ ጠብቃ "ጋሼ፣ አይቆጡኝ" የምትል ግን አንዲት ናት።

ስለዚህ ከእናንተ አንድ ነገር ነው የምፈልገው። አንጋፋው ሲሳሳት ስታዩ ስልካችሁን አታውጡ፤ አለቃ ዘንድም አትሩጡ። መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂዱ፣ ብቻውን ሲሆን። "አርጅተዋል" አትበሉት። ቀኑንና ቦታውን ንገሩት። "ማክሰኞን ሐሙስ ብለዋል" ማለት ከባድ አይደለም። ይቆጣል፣ ልማዱ ነው። ሦስት ቀን ስጡት። እምቢ ካለና የሰው ሕይወት የሚነካ ሥራ ከሆነ፣ ያኔ ወደ ላይ መሄድ ግዴታችሁ ነው። ሆኪ ላይ ስም ቢሳት ማንም አይሞትም፤ ፊፍቲን ፊፍቲ ሲሆን ግን ይሞታል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ለራሳችሁም ያንን ሰው ከአሁኑ ፈልጉ። ሠላሳ ዓመት ቀረን እንዳትሉ። እውነት የሚነግራችሁን ሰው በጉብዝናችሁ ጊዜ ካላስለመዳችሁት፣ ስታረጁ አይደፍራችሁም። እኔ ዕድለኛ ሆኜ ነው፤ ያቺን ልጅ ማንም አላስለመዳትም። ከሦስቱ ቀን ኩርፊያ በኋላ ቡና ጋበዝኳትና በወር አንድ ጊዜ አብራኝ እንድትገባ፣ ስሳሳት በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ኳ እንድታደርግ ተስማማን። በጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። የስልክ ትርጉም ተውኩ። መጀመሪያው ወር አንድ ኳ ነበር። መጨረሻው ላይ ባንድ ቀጠሮ ሦስት። ለማንም ክርክር ሳልተርፍ ወጣሁ።

አወጣጥ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። ማይክ ኤምሪክ የሚባለው አሜሪካዊ የሆኪ አስተላላፊ በ2020፣ በ74 ዓመቱ፣ በቃኝ ብሎ በራሱ ጊዜ ተሰናበተ። ከእኛ ማዶ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለችው የቡፋሎ ከተማ አስተላላፊ ሪክ ጀነሬት ደግሞ 51 የውድድር ዘመን ሠርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚያስተላልፋቸውን ጨዋታዎች ቀነስ ቀነስ እያደረገ፣ ተተኪው አጠገቡ እየለመደ ነው የወጣው። በ2022 ስሙን ስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ሰቀሉለት። ለእኔ ይሄኛው ያምረኛል። ኩባንያዎች ለምን ሁልጊዜ እንዲህ እንደማያደርጉ አይገባኝም። ርካሽ ነው እኮ።

ኮልም ቢሆን አንድ ዓመት ተጨመረለት፤ ጥቂት ጨዋታዎች ሰጥተውት፣ የመጨረሻው በኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሞንትሪያል ላይ ሆነ፣ ሞንትሪያል ከቶሮንቶ። ልጄ መጥቶ አብሮኝ አየ። ያን ማታ ሞንትሪያሎች ራያን ፖህሊንግ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰለፉ። ልጁ ሃትሪክ ሠራ። 5 ለ5 አለቀና ወደ መለያ ምት ሄዱ፤ እዚያም የማሸነፊያዋን እሱ አገባ። የ85 ዓመቱ ሰውዬ የመጨረሻ ማታ የ20 ዓመቱ ልጅ የመጀመሪያ ማታ ሆነ። ኮል የልጁን ስም ያን ማታ ደጋግሞ ጠራው። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ኮል በ2024 አረፈ፣ በኤፕሪል 24። ያ ቤሊቮ ያገባበት ማታ ልክ 55 ዓመት ሞላው ማለት ነው።

ያቺ ልጅ አሁን በራሷ ትሠራለች። ቶሮንቶ ነው የተወለደችው፣ አማርኛዋ ግን ያስቀናል። ባለፈው ሰሞን እራት ላይ ሳለሁ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ጋሼ፣ ሴትዮዋ ምች መታኝ እያሉ ነው። ሐኪሙ ምንድን ነው ይለኛል። ምን ልበለው?"

"አትተርጉሚው" አልኳት። "ምች ብለሽ እንዳለ ስጪው። ከዚያ ምን ምን እንደሚሰማቸው ሐኪሙ ራሱ ሴትዮዋን ይጠይቅ፣ አንቺ እንዳትፈቺላቸው።"

"እሺ ጋሼ" አለችና ዘጋችው። ታማሚዋ እየጠበቁ ነው።