ከአስቲ የመጣው ጠርሙስና ጉድጓዱ ዳር ያለው ወይን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መቂ አጠገብ ነው። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም አመርታለሁ። ልጄ ጣልያን አገር፣ አስቲ በሚባል ቦታ ትሠራለች። ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ አመጣችልኝ። ስሙ ሩኬ ነው አለች። እንደዚያ ያለ ቀምሼ አላውቅም፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል። ወይኑ የሚበቅለው በጥቂት መንደሮች ብቻ ነው አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ቁራጩን በሻንጣዋ ይዛ ልትመጣ ነው። እዚህ ይበቅልልኛል? ያሰብኩት ቦታ ጉድጓዱ ዳር ነው። እዚያ አባቴ የተከሉት ያረጀ ወይን አለ። ፍሬው ጥቁርና ትንንሽ ነው፣ ስሙን የሚያውቅ የለም። እሱን ነቅዬ ልተካው ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያንን ወይን አይንቀሉት። ጥያቄዎን ሳነብ ልቤ የቀረው መጨረሻው መስመር ላይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሩኬን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ሩኬ የፒየሞንቴ ወይን ነው፤ ፒየሞንቴ በሰሜን ምዕራብ ጣልያን ያለ ክልል ነው። በአስቲ አውራጃ ካስታኞሌ ሞንፌራቶ የምትባል መንደር አለች። ድሮ ገበሬው ሩኬን በማሳው ጥግ ጥቂት እግር ይተክል ነበር። ጣፋጭ አድርጎ ይጠምቀውና ለበዓል ለቤተሰቡ ያቀርበዋል። ለገበያ አይወጣም። ገበያው ባርቤራ የሚባለውን ሌላ ዝርያ ነበር የሚፈልገው፤ ስለዚህ ሩኬ ቀስ በቀስ እየተረሳ ሄደ። በ1964 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ዶን ጃኮሞ ካውዳ የሚባሉ ቄስ ለዚያች መንደር ተመደቡ። በቤተ ክርስቲያኑ የወይን ማሳ ውስጥ ያረጁ የሩኬ ግንዶች አገኙ። ሌላው ሰው ቢሆን ነቅሎ ባርቤራ ይተክል ነበር። እሳቸው ግን ተንከባከቧቸው፣ አባዟቸው፣ ለብቻው ጠምቀው በጠርሙስ ሸጡት። ከዚያ በኋላ ገበሬው ተከተላቸው። በ1987 ወይን ጠጁ በትውልድ ቦታው ስም በሕግ ታወቀ። በ2010 ደግሞ ጣልያኖች የሚሰጡትን ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ። ዛሬም በዚህ ስም መሸጥ የሚችለው በ7 መንደሮች ብቻ የሚመረተው ነው።

አዩ ጋሼ? ልጅዎ ያመጣችልዎት ጠርሙስ የተገኘው፣ እርስዎ አሁን ሊነቅሉት ያሰቡትን ዓይነት ወይን አንድ ሰው አልነቅልም ስላለ ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ። ይህን በጥብቅ ነው የምናገረው። ልጅዎ ቁራጩን ይዛ አትምጣ። በፒየሞንቴ ፍላቬሰንስ ዶሬ የሚባል ከባድ የወይን በሽታ አለ። ከግንድ ወደ ግንድ የሚያዛምተው ፌንጣ የሚመስል ትንሽ ነፍሳት ነው። መድኃኒት የለውም፤ የታመመው ግንድ ተነቅሎ ይወገዳል። ክፋቱ ደግሞ ቁራጩ ጤነኛ መስሎ በሽታውን ሊሸከም መቻሉ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች ቁራጩን በ50 ዲግሪ ውኃ ለ45 ደቂቃ የሚዘፈዝፉት። ሌላው ፊሎክሴራ ነው። ሥር የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት ነው። በ1860ዎቹ ከአሜሪካ በችግኝ ወደ ፈረንሳይ ገባና የአገሪቱን አብዛኛውን ወይን አጠፋ። አውሮፓውያን የዳኑት የወይናቸውን ቁራጭ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጋጥመው በማጣበቅ ነው። ይህ ሁሉ ጥፋት የመጣው ክፉ ባሰበ ሰው አይደለም፤ ቆንጆ ተክል አይቶ ወደ አገሩ በወሰደ ሰው ነው። እርስዎ ጋር የሚገባ በሽታ ከእርስዎ አጥር አያቆምም፤ ዝዋይ ዳር ያለው ሰፊው የወይን እርሻ ቅርብዎ ነው። የግድ ከውጭ ማስገባት ካስፈለገ የማስገቢያ ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ፣ በኳራንቲን በኩል ብቻ ነው።

ይበቅልልኛል ወይ ላሉት፣ መብቀሉ ይበቅላል። ዝዋይ ላይ ከፈረንሳይ የመጡት ሜርሎና ሲራ የሚባሉ የወይን ዝርያዎች በቅለው የለ? ያ ጣዕም ግን ላይመጣ ይችላል። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው። ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በበጋው ረጅም ቀን ያድጋል፣ መስከረም ላይ ይለቀማል። የእርስዎ ቦታ ከ1,600 ሜትር በላይ ቢሆንም ወይንን የሚያስተኛ ብርድ የለውም። ካልተቆረጠ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ይረዝማል፤ ከታች ያሉት ዓይኖች (አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣባቸው እብጠቶች) ዝም ይላሉ።

ይህ ደግሞ የአባትዎን ወይን በአዲስ ዓይን እንድናይ ያደርገናል። ፍሬው ትንንሽ ነው ብለዋል። ዝርያው እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ግን ሳይገረዝ የኖረ ወይን ብዙ ዘለላ ተሸክሞ ሁሉንም ያቀጭጫል። ደግሞ ለወይን ጠጅ ከሆነ ትንሽ ፍሬ አይናቅም። ቀለሙና አብዛኛው ሽታ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ፍሬው ሲያንስ ልጣጩ ከጭማቂው አንጻር ይበዛል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ይግረዙት። ከመግረዝዎ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ውኃ ይከልክሉት። ወይን የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ከበቀለው ቅርንጫፍ ላይ በሚወጣ አዲስ ለጋ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ያለፈውን ወቅት ቅርንጫፍ ሙልጭ አድርገው አይቁረጡት። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ይተዉ። በጣም ያረጀውን እንጨት በአንድ ዓመት አይጨርሱት፤ በሁለት ሦስት ዓመት ቀስ እያሉ ያድሱት። እንደዚህ ሲሆን ዘለላው የሚበስለው በደረቁ ወራት ነው፤ ሻጋታም ይቀንስለታል። ቅጠሉ ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ካዩ ድኝ ይረጩ፣ ግን ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት። በጠራራ ፀሐይ ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

የቆረጡትን አይጣሉት፤ ችግኝዎ እሱ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለውን መርጠው ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይቁረጡ። ሦስት ወይም አራት ዓይን ይኑረው። ታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ ሥር ቀጥ አድርገው፣ ላይኛውን ከዓይኑ በላይ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። እንዲህ ካደረጉ የቱ ራስ የቱ እግር እንደሆነ አይጠፋዎትም፤ ገልብጠው የሚተክሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ውኃ የማይቋጥር አፈር ላይ አንድ ዓይን ብቻ ከላይ ቀርቶ ይቀበር። 30 ያህል ያዘጋጁ፤ ሁሉም አይያዝም። ፍሬ በሦስተኛው ዓመት ይጠብቁ። በዘር ግን አይሞክሩት። ከዘር የሚወጣ ወይን እናቱን አይመስልም።

ስሙን በተመለከተ፣ ደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በወይን ላይ የሠራ ነው፤ እዚያ ይጠይቁ። ምናልባት ብዙ ቦታ ያለ ዝርያ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ቢሆንም ከአባትዎ ጊዜ ጀምሮ የእርስዎን አፈርና ፀሐይ ችሎ የኖረ ተክል ነው። ገና የሚመጣው ሩኬ ይህን አላሳየም።

ጠጁን ለቤት መሞከር ይችላሉ። አንድ ጠርሙስ ለመሙላት ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ወይን ይበቃል። ጭማቂው በሊትር 220 ግራም ያህል ስኳር ካለው፣ ወደ 13 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ያልጣፈጠ ፍሬ ለቅመው በኋላ አይዘኑ። በብርጭቆ ወይም ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ዕቃ ይጥመቁ፣ በብረት አይሁን፤ አሲዱ ይበላዋል። ሲፈላ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አያጥብቁት። ለመሸጥ ካሰቡ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አስቀድመው ወረዳዎን ያማክሩ። የጉድጓድዎን ውኃም ያስመርምሩ፤ ወይን ጨው አይወድም።

ከመግረዝዎ በፊት የአንድ ሙሉ ቅጠል ፎቶ ከፊቱም ከጀርባውም ያንሱ። የለጋው ጫፍና የበሰለ ዘለላም ይጨመርበት። ዝርያ የሚለየው በዋናነት በእነዚህ ነው። ለእኔም ይላኩልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ።