ተኩላው ሲያስነጥስ «ይማርህ»

«ልጄ 5 ዓመቱ ነው። የታወቁ ተረቶችን ገልብጠው የሚያስቁ የሥዕል መጻሕፍት ልግዛለት ወይስ ዋናውን ተረት ያምታቱበታል?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ በእኔ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የእኔው ልጅ አሁን 8 ሞልቶታል። የጀመርነው ልክ በልጅሽ ዕድሜ ነበር፤ አጀማመሬ ግን ተበላሽቶ ነበር።

መጀመሪያ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት ጆን ሼስካ ጽፎት ሌን ስሚዝ ሥዕሉን የሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የሦስቱን አሳማዎች መጽሐፍ ነው። ተራኪው ተኩላው ራሱ ነው። ስሜ በከንቱ ጠፋ ባይ ነው። ለአያቱ የልደት ኬክ ሲጋግር ስኳር አለቀበት። ጎረቤት ሊበደር ወጣ። ጉንፋን ይዞታል። አስነጠሰውና የአሳማው የገለባ ቤት ተደረመሰ።

እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ ብቻዬን እስቃለሁ። ልጄ ጭጭ። ስጨርስ «ተኩላው ግን ተሻለው?» አለኝ። ለካ ዋናውን ተረት፣ ተኩላው አሳማዎቹን ሊበላ ሆን ብሎ እፍ እያለ ቤታቸውን የሚያፈርስበትን፣ ነግሬው አላውቅም! ለእሱ ይሄ ዓይን አውጣ ውሸታም ሳይሆን የታመመ ጎረቤት ነው።

መጽሐፉን መለስኩና ዋናውን መናገር ጀመርን። አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ እስኪሰለቸኝ ድረስ። እናቴ ያኔ እኛ ጋ ነበረች። አሳማ ማታ ማታ ሲነሳ ደስ አላላትም፤ በእሷ ተራ አሳማዎቹ ግልገሎች ሆኑ፣ ተኩላው ደግሞ አያ ጅቦ። ልጄ ምንም አልመሰለው። «እፍ ብዬ፣ ኡፍ ብዬ፣ ቤትሽን አፈርሰዋለሁ!» የሚለው ቦታ ስንደርስ እኛን ቀድሞ ይጮሃል። ያኔ ነው መጽሐፉን ዳግም የተዋስኩት። ተኩላው ገና አፍንጫውን ሲያሳክከው ልጄ አየኝ። ሲያስነጥስ «ይማርህ!» ብሎ ሶፋው ላይ በሳቅ ተንከባለለ።

ስለዚህ ግዢለት፣ ግን ዋናው ተረት ይቅደም። ደግሞ ራስሽ ቀድመሽ አንብቢው፤ ተኩላው ቤቱ ሲፈርስ የሞተውን አሳማ «ሥጋው ለምን ይበላሽ» በሚል ሰበብ ይበላዋል። የእኔው ሳቀ፣ የጎረቤቴ ልጅ አለቀሰች።

ሴት ልጅም ካለችሽ የሮበርት ማንሽን የወረቀት ከረጢት ለባሿን ልዕልት (1980) ፈልጊ። ዘንዶው ቤተ መንግሥቷን አፍርሶ፣ ልብሷን አቃጥሎ እጮኛዋን ልዑሉን ይወስድባታል። እሷ በሰይፍ አትመጣበትም፣ በሙገሳ ነው። በ10 ሰከንድ ዓለምን ትዞራለህ አሉ፣ እውነት ነው? ስትለው ይዞራል። እስቲ ድገመው ስትለው ይደግምና ደክሞት እንቅልፍ ይጥለዋል። የዳነው ልዑል ደግሞ ምስጋናውን ትቶ ስለ አለባበሷ ይነጫነጫል። ምን ብላ እንደምትሰድበው አልነግርሽም፤ እኔ «የማትረባ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሠርጉም ይቀራል።

በራስሽ ቋንቋ ማውራት ከፈለግሽ የዴቪድ ዊዝነር ሦስቱ አሳማዎች (2001) ይመችሻል። ተኩላው እፍ ሲል አሳማዎቹን ከታሪኩ ውጪ ይገፋቸዋል፤ እነሱም ገጹን አጣጥፈው አውሮፕላን ይሠሩበታል። ጽሑፍ የሌለባቸው ገጾች ብዙ ስለሆኑ የሞላነው በአማርኛ ነው። የሮአልድ ዳልን ተረት የሚገለብጡ ግጥሞች ግን ለ5 ዓመት ልጅ አልመክርም። ቀይ ቆቧ ልጅ ሽጉጥ መዝዛ ተኩላውን ትገድልና ቆዳውን ካፖርት ታደርገዋለች። ቤት መምቻውን ወደ አማርኛ ለማምጣት ሞክሬ ላቤ ነው የወጣው።

ልጄ አሁን የሰማውን ሁሉ «እሱስ ምን ይላል?» ማለት ለምዷል። አንድ ቀን እናቴ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብላ ስትተርት ሰማና ያዛት፤ ጅቡስ ምን ይላል? እሷም ድምጿን አጎርንና «ወገቤን አሞኝ ልተኛበት ነው እንጂ ልበላው መሰላችሁ?» አለች።

«ታዲያ ጠዋት ቁርበቱ የት ገባ?»

«አስነጠሰኛ!»